የቆየ የናፍጣ ፒክአፕን ካምቢዮ በባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ የመቀየር አሠራር

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ግን መኪናው ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እህል ወይም ሲሚንቶ የጫነ የቆየ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ዳገቱን ሲወጣ ሦስተኛ ማርሽ ይከብደዋል፣ ሁለተኛ ይጮኽበታል፣ ከፊቱ ከባድ መኪና ካለ ደግሞ የሾፌሩ ግራ እግር ከፍሪሲዮን ላይ አይነሣም። የፍሪሲዮን ሸራ በዓመቱ የሚያልቅበት፣ ባለንብረቱም ካምቢዮውን በአውቶማቲክ ለመቀየር የሚያስበው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቡሎን በመፍታትና በመግጠም ላይ ሳይሆን አስቀድሞ ባልተለካና ባልታሰበበት ነገር፣ በተለይም በሙቀት ላይ ነው። ይህ መመሪያ ከሌላው ይልቅ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ቁልቁለት ሰፋ አድርጎ የሚናገረው ለዚህ ነው።

መመሪያው የሚመለከተው 1ኤችዜድ የተባለውን የ4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የያዘውን የላንድክሩዘር ፒክአፕ ሲሆን፣ የሚገጠምለትም የጄኔራል ሞተርስ 6ኤል80 የተባለው ካምቢዮ ነው። ይህን የመረጥኩት ለሁለቱ ማገናኛ አዳፕተር ተዘጋጅቶ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ካምቢዮውም ከ550 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት የሚሸከም ሆኖ ሳለ የሞተሩ 285 ኒውተን ሜትር ብቻ በመሆኑ ነው።

መኪናው ለሥራው ይበቃ እንደሆነ መመርመር

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ይመረመራል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ 96 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ይህ ሞተር 2,500 ሜትር ላይ በምትገኘው ደሴ ሲደርስ የቀረው ከሦስት አራተኛው እምብዛም አይበልጥም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ የራሱን የዘይት ፓምፕ ለማዞርና በቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፋንታ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ክፍል) መንሸራተት ከዚሁ ላይ ይቀንሳል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚያንስ ከሆነ ገንዘቡ ለካምቢዮ ሳይሆን ለሞተሩ እድሳት ይዋል። ሞተሩ ደህና ከሆነም፣ በእኔ አስተያየት፣ በልክ የሚነፋ ቱርቦ ሳይጨመርለት ወደዚህ ሥራ መግባት አይመከርም። ቱርቦ የሌለውን ባለ 3 ሊትር የሃይሉክስ ሞተር ከዚህ ካምቢዮ ጋር ማጋባትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይሠራ።

ቀለል ያለ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ቶዮታ ራሱ ለ1ኤችዜድ ያዘጋጀው ኤ442ኤፍ የተባለ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ አለ። በቀድሞዎቹ የ80 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ላይ የነበረ በመሆኑ ያለ አዳፕተር ይገጥማል፣ ሽቦውም ጥቂት ነው። ነገር ግን በማርሾቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ማርሽም ብዙ ጊዜ በዚሁ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2023 የ70 ተከታታዩን በ2.8 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሲያወጣ ያጣመረው ከባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ጋር ነው።

እግረ መንገድ፣ የመኪናው ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ወይስ 24 ቮልት መሆኑ ይረጋገጥ፤ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ የሚሠራው በ12 ቮልት ብቻ ነው። ለውጡ በቦሎ ምርመራ ጊዜ ጥያቄ እንዳያስነሣም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያዋጣል።

የማርሹን ስሌት በወረቀት መሥራት

የስድስቱ ማርሾች ምጣኔ (ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 4.03፣ 2.36፣ 1.53፣ 1.15፣ 0.85 እና 0.67 ነው። የዲፈረንሻሉን ምጣኔ ለማወቅ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው፣ የፊተኞቹ ጎማዎች ድንጋይ ተደርጎባቸው፣ ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ዙር እያዞሩ ወደ ዲፈረንሻል የሚገባው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል። አሥር ዙር ጎማ 41 ዙር ዘንግ ከሰጠ ምጣኔው 4.1 ነው፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የተለመደውም ይኸው ነው።

ባለ 7.50 በ16 ጎማ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በአምስተኛ ማርሽ በደቂቃ 1,860 ጊዜ ገደማ ሲዞር፣ በስድስተኛ ማርሽ ግን 1,465 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የ1ኤችዜድ ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው በ2,200 ዙር ስለሆነ ስድስተኛው ማርሽ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩን ያፍነዋል፤ ጭስ ያበዛል፣ ናፍጣም አይቆጥብም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ዙሩ ወደ 1,830 ስለሚወጣ ስድስተኛ ማርሽ የሚጠቅመው ከሚሌ ወዲያ ባለው ሜዳ እንጂ በደሴና በወልድያ መካከል አይደለም። መቆጣጠሪያው ሲስተካከል ስድስተኛ ማርሽ ከ90 ኪሎ ሜትር በታች እንዳይገባ መታዘዝ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ወረቀት ጠብቆ ማቆየት ይገባል፤ ወደ ኋላ ስለ ቁልቁለት ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ዕቃውን ማሟላት

ካምቢዮው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የሚነዳው ዓይነት መሆን አለበት፤ የኋላ መውጫው ከሌላው የተለየ ነውና። ከእርሱ ጋር ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር፣ በወፍራሙ ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ በሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) ምትክ የሚገባው ስስ የብረት ሰሌዳ፣ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ጋር የሚያስተካክለው ማቀራረቢያ፣ የቀድሞውን የቶዮታ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል የሚያከፋፍለውን ክፍል) የሚይዘው የኋላ አዳፕተር፣ ለናፍጣ ሞተር የተዘጋጀ ቶርክ ኮንቨርተር፣ የመቆጣጠሪያ ሞጁል ከነሽቦው፣ የማርሽ መምረጫ፣ የዘይት ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹ ያስፈልጋሉ። ሁሉም በጋራዡ ወለል ላይ ሳይሟሉ አንድም ቡሎን አይፈታ።

ቶርክ ኮንቨርተሩን በተመለከተ መዘናጋት አይገባም። ካምቢዮው አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚን ሞተር ጋር የመጣ ስለሆነ ኮንቨርተሩም ለከፍተኛ ዙር የተሠራ ነው፤ ዙሩ ከ4,000 ብዙም በማያልፍ የናፍጣ ሞተር ላይ ሲገጠም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ መንሸራተቱም ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የቀድሞውን ካምቢዮ ማውረድ

ይህ ክፍል ለማንኛውም መካኒክ የታወቀ ነው። የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ ሞተሪኖው ይወጣል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄዱት ዘንጎች የአገጣጠማቸው ቦታ በቀለም ምልክት ተደርጎበት ይወርዳሉ፣ ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ይለያል፣ ፍሪሲዮንና ቮላኖው ይነሣሉ። ሁለት ነገሮች ግን እንዳይረሱ፤ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ትውጣ፣ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ፓራዮሊም (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ክብ ጎማ) ባያንጠባጥብም እንኳ በአዲስ ይለወጥ። አውቶማቲኩ ከገባ በኋላ ይህን ፓራዮሊ ለመለወጥ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ይጠይቃል።

አዲሱን መግጠም

አዳፕተሩ ከሞተሩ ጋር ከታሰረ በኋላ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በክራንክ ሻፍቱ ላይ ታስሮ፣ ጫፉ የአዳፕተሩን ክብ ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳ እየነካ፣ ክራንክ ሻፍቱ በእጅ ሙሉ ዙር ይዞራል። በመርፌው ላይ የሚታየው ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብ ልዩነት ከ0.25 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ አይደለም ማለት ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥም የካምቢዮው የፊት ፓራዮሊና ቡሽ ይበላሉ። በቶርኖ የተሠራ አዳፕተር የሚገዛ ሰው ይህን ሳይለካ እንዳይቀበል አደራ እላለሁ።

ከዚያ የቶርክ ኮንቨርተሩ ተራ ነው። መጀመሪያ አንድ ሊትር ያህል የካምቢዮ ዘይት ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ ወደ ካምቢዮው ዘንግ ገብቶ በሁለት እጅ ወደ ውስጥ እየተገፋ በዝግታ ይዞራል። ገብቶ ቦታውን ሲይዝ እጅ የሚሰማው ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ቁልቁል ጠልቆ ይቆማል፣ ሲዞር እንደገና ይጠልቃል፣ የመጨረሻው ከዘይት ፓምፑ ጥርስ ጋር የሚገናኝበት ነው። በጆሮ የሚሰማው ድምፅ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ በጋራዥ ጫጫታ መካከል ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በመለኪያ ይረጋገጥ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ተጋጥሞ ቡሎኖቹ በእጅ ብቻ በገቡበት ጊዜ ኮንቨርተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ በእርሱና በስሱ ሰሌዳ መካከል ከ3 እስከ 4.8 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ኮንቨርተሩም በጣት በቀላሉ መዞር አለበት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀንበር ስትጠልቅ፣ ባለንብረቱ በማግሥቱ ለወረባቦ ጉዞ መኪናውን እየጠበቀ ሳለ፣ የመጨረሻውን ጥርስ ሳልይዝ ቡሎኑን በቁልፍ ጠበቅኩት። የሞተሩና የካምቢዮው ቤቶች ሳይገናኙ በመካከላቸው የጣት ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይታይ ነበር፤ እኔም ቡሎኑ ይስበዋል ብዬ አሰብኩ። የዘይት ፓምፑ ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ቀዩ ዘይት በወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሁለቱ ቤቶች በእጅ ግፊት ብቻ ካልተገናኙ በቡሎን ፈጽሞ አይሳቡ፤ ካምቢዮው ይውረድና ኮንቨርተሩ እንደገና ይቀመጥ።

አዲሱ ካምቢዮ ከቀድሞው ጋር በርዝመት ስለማይመሳሰል ትራንስፈሩ ቦታውን ይለቃል። የካምቢዮው የታችኛው መስቀያ አዲስ ይሠራለታል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመትም ይስተካከላል። ዘንጎቹ ተቆርጠው ከተበየዱ በኋላ ሚዛናቸው መታየት አለበት፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት የመስቀለኛ መገጣጠሚያዎች ማዕዘን ልዩነትም ከ1 ዲግሪ አይበልጥ። በሻንሲው ላይ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድና የካምቢዮው ሽቦ ሶኬት ይነቀሉ፤ የ6ኤል80 ኮምፒውተር ካምቢዮው ውስጥ፣ ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ በመሆኑ የብየዳ ኤሌክትሪክ ሊያቃጥለው ይችላል።

ኤሌክትሪኩን ማገናኘት

የ1ኤችዜድ የናፍጣ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በገመድ የሚታዘዝ ስለሆነ ሞተሩ ለካምቢዮው የሚነግረው ነገር የለውም። ካምቢዮው ደግሞ የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርና ምን ያህል ጉልበት እየሰጠ እንደሆነ ካላወቀ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜም ሆነ የዘይት ግፊቱን ልክ መወሰን አይችልም። ስለዚህ በናፍጣ ፓምፑ ማንሻ ላይ የፔዳሉን ቦታ የሚለካ ሴንሰር ይታሰራል፣ የሞተሩ ዙር ከሚነበብበት ቦታ ሽቦ ይወሰዳል፣ ሁለቱም ወደ መቆጣጠሪያ ሞጁሉ ይገባሉ። የፔዳሉ ሴንሰር አስተማማኝ በሆነ ቅንፍ ይታሰር፤ ቢላላ ካምቢዮው ፔዳሉ በጥቂቱ እንደተረገጠ አድርጎ ስለሚያስብ በዝቅተኛ ግፊት እየተንሸራተተ በውስጡ ያሉትን ሸራዎች ያቃጥላል።

ሞተሪኖው የሚሠራው መምረጫው በፓርክ ወይም በኒውትራል ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ይታሰር። ዳገት ላይ በማርሽ ቆሞ ቁልፍ ሲዞር የሚነሣ መኪና ሰው ይገድላል፤ ይህ ሽቦ ለነገ የሚባል አይደለም።

ማቀዝቀዣው

ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ (መንሸራተቱን አቁሞ ከሞተሩ ጋር እኩል መዞር ሳይጀምር) ዳገት በሚወጣበት ጊዜ ወደ ካምቢዮው ከሚገባው ኃይል አንድ አምስተኛው ወደ ሙቀት ተለወጠ እንበል። ሞተሩ 60 ኪሎ ዋት ቢሰጥ 12 ኪሎ ዋት ሙቀት ነው፤ ይህም ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ባንድነት ተሰክተው ከሚሰጡት ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህ ሁሉ ወደ 11 ሊትር ገደማ ዘይት ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ጤናማ ነው፤ ከዚያ በላይ በየአሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል ተብሎ ይገመታል፤ 120 ላይ ሲደርስ መቆም ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩም እዚያው ዘይት ውስጥ መሆኑ አይዘንጋ።

ስለዚህ በትልቅ ፒክአፕ ላይ ከሚገጠመው በማያንስ መጠን፣ በንብርብር ሰሌዳ የተሠራ የዘይት ማቀዝቀዣ የራሱን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይዞ ይገጠም። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ ካረፈ ራዲያተሩን ያፍናል፤ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሞተሩ ከካምቢዮው ቀድሞ ይሞቃል። በመሆኑም ማቀዝቀዣው በከፊል ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይቀመጥ፣ የራዲያተሩ ክዳንም አዲስ ይሁን። ካምቢዮው አሮጌ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱ ይጠቀምበት የነበረው ማቀዝቀዣና ቱቦ አብሮ ቢመጣም አይገጠም፤ ውስጡ የቀረውን የብረት ብናኝ አጥቦ ማስወጣት አይቻልም። ቱቦው ለትኩስ ዘይት የተሠራ እንጂ የናፍጣ ቱቦ አይሁን፣ ከማርሚታውም ይራቅ።

የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ በሾፌሩ ፊት መኖር አለበት። ሴንሰሩ ዘይቱ ከካምቢዮው በሚወጣበት ቱቦ ላይ ይግባ፤ ከማቀዝቀዣው ተመልሶ በሚገባበት ላይ ከተደረገ ሁልጊዜ ደህና ነው እያለ ያታልላል።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጤፍ በሚወቃበት ወራት፣ በመንገድ ዳር ከሚገኙት አውድማዎች የሚነሣው እብቅ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ስሜንቶ ይጋገራል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ መስሎ በባትሪ ብርሃን ከኋላ ሲታይ ብርሃን የማያሳልፍ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም አየር በሚገባበት ተቃራኒ፣ በቀላል ግፊት በውሃ ይታጠብ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ መሣሪያ ክንፎቹን ያጥፋል።

የካምቢዮው መተንፈሻ ቱቦ ደግሞ እስከ ሞተሩ ክዳን ከፍታ ድረስ ይሳብ። በክረምት ቦርከናን ወይም ሌላ ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ትኩስ ካምቢዮው በቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ መተንፈሻው ዝቅ ካለ ውሃውን ይጠጣዋል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቀይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና መኪናው ይቁም።

ዘይት መሙላትና መፈተሽ

ለዚህ ካምቢዮ የታዘዘው ደክስሮን 6 የተባለው ዘይት ነው፤ በቀለሙ ብቻ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ቀይ ዘይት አይተካውም። ሰባት ሊትር ያህል ተሞልቶ ሞተሩ ይነሣል፣ ወዲያውኑ ቀሪው ቀስ በቀስ ይጨመራል፣ ፍሬን ተረግጦ መምረጫው በየማርሹ ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ያልፋል። የመጨረሻው ልክ የሚታየው መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። የደሴ ብርድ ላይ በጠዋት የተለካ ዘይት ልክ መስሎ በሞቀ ጊዜ ይተርፋል።

የመጀመሪያው ጉዞ ባዶ መኪና ይዞ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይሁን። ቀጥሎ ግማሽ ጭነት ይዞ ሐረጎን መውጣትና ጌጁን በየኪሎ ሜትሩ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ደሴ መግቢያ ላይ ከ105 ካለፈ ሙሉ ጭነት አይጫንበት፤ ማቀዝቀዣው ያንሳል ወይም ኮንቨርተሩ አይቆለፍም ማለት ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የታችኛው ሳህን ተከፍቶ ማግኔቱ ይታይ፤ ጣት ላይ የሚቀባ ጥቁር ስስ ጭቃ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚዳሰስ የብረት ቁራጭ ግን አይደለም።

ቁልቁለት

ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ኃይል በሞተሩ ካልተያዘ በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። በእጅ ካምቢዮ የለመደ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ ይወርዳል፤ በአውቶማቲክ ግን ኮንቨርተሩ ካልተቆለፈ ሞተሩ ጎማውን በደንብ መያዝ አይችልም፣ መምረጫውም በዲ (ካምቢዮው ማርሹን ራሱ በሚመርጥበት ቦታ) ላይ ከተተወ ካምቢዮው ቁልቁለቱን እንደ ሜዳ ቆጥሮ ወደ ላይኛው ማርሽ ይወጣል። ስለሆነም መቆጣጠሪያው ሲስተካከል ሾፌሩ በእጅ የመረጠው ማርሽ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀየር፣ ኮንቨርተሩም በቁልቁለት ከሁለተኛ ማርሽ ጀምሮ እንደተቆለፈ እንዲቆይ መታዘዝ አለበት። ይህን የማያደርግ መቆጣጠሪያ ለወሎ መንገድ አይገዛ።

ቀድሞ በተሠራው ስሌት መሠረት ሞተሩ በ2,500 ዙር ሲሠራ በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ሐረጎን ወይም ከጋሸና መልስ የድልብን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ገና ከአፋፉ ሁለተኛ ማርሽ ይምረጥ፤ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ለመቀነስ መሞከር ካምቢዮው እምቢ እንዲል ያደርገዋል።

መኪናው ለባለንብረቱ ሲመለስ ሁለት ነገሮች በግልጽ ይነገሩት። ይህ መኪና ከእንግዲህ ተገፍቶ አይነሣም፤ ባትሪውና ሞተሪኖው እንደ ድሮው ሊናቁ አይገባም። በመንገድ ላይ ቆሞ የሚጎተት ከሆነም ትራንስፈሩ በኒውትራል ይሁን ወይም ዘንጎቹ ይፈቱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ የዘይት ፓምፑ ስለማይዞር፣ ጎማው ካምቢዮውን እያዞረ ከውጫሌ እስከ ደሴ የተጎተተ መኪና ሸራዎቹን አቃጥሎ ይደርሳል።